«አፈር ስሆን» የማይባልበት ገበታ

ለውድ እህቴ ለአሰገደች፤

ሁለት ወንዝ ከሚያቋርጠው ከሊዮን ከተማ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንዴት ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለው? አቶ ሽብሩስ ከሳሉ ዳኑ? የኮንጋው ቡናችን ፍሬ ያዘ? በስተርጅና ፊደል ስቆጥር ስቃችሁብኝ ነበር፤ ይኸው ልጅሽ ቆንጅት የእጄን ጽሑፍ ታነብልሻለች።

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤና ነኝ፤ መቀመጥ ግን አልቻልኩም። መስኮቱን እከፍታለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ። ተክለማርያም እማዬ እረፊ ይለኛል። የመጣሁበትን ታውቂያለሽ። ልጄ የሕክምና ትምህርቱን ጨርሷል፣ የአባቱ ቤት ዲላ ላይ ባዶውን ቆሟል፣ ይዤው ልመለስ ነው። እንዴት ልረፍ?

የዚህ ከተማ ሰው ምሳ እየበላ ስለ እራት ያወራል። ተክለማርያም የወደዳት ልጅ አለች፤ ባለፈው እሑድ ወላጆቿ ምሳ ጠሩን። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ በጾም አላመካኝም። እናቷ ዓሣ ተወቅጦ በእንቁላልና በቅቤ የተሠራ ነገር ይዛ ስትመጣ እንደ ወጋችን በእጄ ምልክት ይቅርብኝ አልኩ። አፈር ስሆን እስክትለኝ ብጠብቅ ፈገግ ብላ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች። ከቆዳው ሥር ጥቁር እንጉዳይ የተሸጎጠበት ዶሮ መጣ። ይቅርብኝ አልኩ፤ እሱም አለፈኝ። ያን ሁሉ ምግብ እያየሁ ዳቦ ስቆረጥም ዋልኩ። አንቺ ብትሆኚ ሳትለመኚ ትጨርሺላቸው ነበር።

በእነሱስ አልተቀየምኩም፤ አያውቁኝም። የቆጨኝ አጠገቤ ተቀምጦ የሚበላው ልጄ ነው። ምነው አንዴ እንኳ በሞቴ ብትለኝ አልኩት መንገድ ላይ። እዚህ አገር አልፈልግም ያለ ሰው አልፈለገም ማለት ነው፣ ደግሞ መለመን ነውር ነው፣ እኔም ወጉን ረስቼው ነበር አለኝ። ከእጄ እየጎረሰ ያደገ ልጅ ረሳሁት አለኝ።

ዛሬ ደግመው ጠሩን። በንዴት ሄጄ የቀረበልኝን ሁሉ እሺ አልኩ። ክፉ ልጽፍልሽ ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም። ዓሣው አፍ ውስጥ ይሟሟል፣ ዶሮው ከአጥንቱ በራሱ ይላቀቃል፣ መረቁን በዳቦ ጠርጌ ጨረስኩት። የልጅቷ እናት ደስ ብሏት ጉንጬን ሳመችኝ። ተክለማርያምም አገሩን የለመድኩለት መስሎት ሳቀ። ልቡ ለስልሷል ብዬ ስንመለስ ድልድዩ ላይ፣ ልጄ፣ አብረን አገራችን እንግባ አልኩት። አይሆንም እማዬ፣ እዚሁ ነኝ አለ። ቤት ስንደርስ እሱ ወደ ክፍሉ ገባ፣ እኔ ይህን ወረቀት ያዝኩ።

አሁን ይህ አይሆንም የየትኛው አገር ነው? የእኛ አገር ከሆነ ደግሜ እስክለምነው እየጠበቀ ነው። የዚህ አገር ከሆነ አለቀ። እኔ ግን ሌላ የልመና መንገድ አላውቅም። ይህን ወረቀት አጥፌ እነሣና አፈር ስሆን እለዋለሁ። እንደዚያ ሳህን አልፎኝ ቢሄድም ይሂድ።

አቶ ሽብሩን እጅ ነሥታለች በዪልኝ። ቆንጅትን ግንባሯን ሳሚልኝ። ቤቴን የምትጠብቀውን ድንቅነሽን ሰላም ካልሽልኝ በኋላ፣ የተክለማርያምን ክፍል መጥረግ እንዳትተው አደራ በያት።

እህትሽ ካሳነሽ
ሊዮን፣ ግንቦት ፲፫ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.