ደብቂልኝ ያልሽኝ የአንጀትሽ ነገር

እታለሜ፣ የእናቴ ልጅ፣

ሙት ዓመትሽን ካወጣን ዛሬ ሳምንት ሆነን። ድፍን አዘዞ መጥቶልሽ ነበር። ጠላው ቀጠነ ብለው ያሙኝን ብቆጥርልሽ ሆድሽን ይዘሽ ትስቂ ነበር፤ ግን ለሐሜት አልመጣሁም። የጓሮ ጌሾሽ ጸድቋል። ልጅሽ ብርቄ ወደ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አልፋለች። ታላቅ ወንድማችን አያ ሙሉ አንቺ የምትቀመጭበት መደብ ላይ ሰው አያስቀምጥም።

ወሬ እንደማልቋጥር ታውቂያለሽ። «ላንቺ ከመንገር ደወል ማስደወል ይሻላል» ትይኝ ነበር። ታዲያ ያን የአንጀት ቁስለትሽን፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥሽን፣ ለኔ ብቻ መንገርሽ ምነው? «ይህን ብትተነፍሺ ቀብሬ ላይ እንዳትቆሚ» አልሽኝ። በዕድሜዬ አንድ ምስጢር ጠበቅሁ፤ እሱም ያንቺ ሆነ።

አምና ለፍልሰታ ሱባኤ ስትገቢ ሆድሽ ተነሥቶብሽ ነበር። ቅሪ ብልሽ «ሰው ምን ይላል?» ብለሽ ቤተ ክርስቲያን ከሴቶቹ ጋር ከረምሽ። ውሃው ከሰውነትሽ እየወጣ እስከ ቅዳሴ መውጫ ጠብታ አትቀምሺም ነበር። በስድስተኛው ቀን ራስሽን ሲፈልጥሽ «የጾም ራስ ምታት ነው» ብለው በነጠላ ጥፍር አድርገው አሰሩሽ። አንዱን ጫፍ ይዤ የሳብሁት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ማስታወክ ስትጀምሪ ከአያ ሙሉ ጋር ክሊኒክ ወሰድንሽ። ሐኪሙ «ሌላ ሕመም አለባት?» አለኝ። አንቺ ቀና ብለሽ አየሽኝ። «የለባትም፣ ጾም ነው» አልሁ። ማስታገሻ ይዘን ተመለስን።

ከክሊኒክ በተመለስን በሁለተኛው ቀን ቀኝ እጅሽ ዛለ፣ ምላስሽ ተሳሰረ። ከተማ ሆስፒታል ስናደርስሽ ምስጢርሽን በሰው ሁሉ ፊት አፈረጥሁት። ሐኪሟ ራስሽን ፎቶ አስነሥታ አስረዳችን፦ አንጀት ሲቆጣ ደም ይረጋል፣ የሰውነት ውሃ ማለቅ ደግሞ ያባብሰዋል፤ ከአንጎልሽ ደም የሚመልሰው ሥር ተደፍኗል። ደም ማቅጠኛ መርፌ ስታዝልሽ አያ ሙሉ ከወንበሩ ዘለለ።

«ከታች እየደማች ደም ማቅጠኛ? ልትጨርሷት ነው እንዴ?»

«አባቴ፣ የአንጀቷን ደም እየተከታተልን እንተካለን፤ የራሷ ግን ጊዜ አይሰጠንም» አለችው። አያ ሙሉ ፈረመ። የአንጀትሽም መድኃኒት አብሮ ተጀመረ።

ሦስት ቀን ሸጋ ሆንሽ። አጥሚት ጠጣሽ፣ እጅሽም ተንቀሳቀሰ። እኔን ስታይ በተሳሰረው ምላስሽ «አንቺ ደወል!» ብለሽ ፈገግ አልሽ። ይቅርታ ይሁን ቁጣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። በአራተኛው ቀን አንጎልሽ አበጠ፤ ከዚያ ወዲያ ዓይንሽን አልገለጥሽም።

ሁለት ቀን ቀድሜ ብናገር ኖሮስ ብዬ ሐኪሟን ጠየቅኋት። «በጊዜ ደርሰውም የማይተርፉ አሉ» አለችኝ። ይህን ስትል ግን እኔን አላየችም፤ ጓንቷን ነበር የምታየው።

ባለፈው ወር ብርቄ ከምሳ መሐል አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ተነሥታ ወጣች። ተከትያት ሄድሁ። በሩን ይዛ «አክስቴ፣ ለማንም ላትነግሪ ማይልኝ» አለችኝ። ድምፅዋ ቁርጥ ያንቺ። አልማልሁላትም፣ እታለሜ። በነጋታው እጇን ይዤ እዚያችው ሐኪም ዘንድ ወሰድኋት። የብርቄም ያንቺው ቁስለት ነው። መድኃኒት ጀምራለች፤ የንስሐ አባታችንም ሕመምተኛ ነሽና አትጹሚ ብለዋታል። ለሁለት ሳምንት ግን አኩርፋኛለች፣ ሰላምታዬን እንኳ አልመለሰችም። ታኩርፍ።

ከተናገርሁ ቀብርሽ ላይ እንዳልቆም ነበር የከለከልሽኝ። ዝም አልሁልሽ፤ አፈር ስትለብሺም ቆሜ አየሁ።

ስለዚህ እስካለሁ አስታውስሻለሁ፤ ከነሳቅሽ፣ ከነአንጀትሽ። ይህን ደብዳቤ የአገር ሰው በሚያነበው መጽሔት ላይ ያወጣሁት ለዚያ ነው። ደወል ብለሽኝ የለ? ስሚኝ እንግዲህ፣ እየደወልሁ ነው።

ታናሽሽ