«ቀረ» የሚባለው ወንድሜ

ቅዳሜ፣ ጥር 1947

ተናድጄ ነው የምጽፈው። ከጓደኛዬ ከአልማዝ ጋር ሲኒማ ገብተን ነበር፤ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ እንግሊዞች የሠሩት፣ ልብ የሚሰቅል ፊልም። አንዲት ሴት ባሏ በጦርነቱ እንዴት እንደሞተ ጓደኞቹን እየዞረች ትጠይቃለች። ሁሉም ሻይ ይቀዱላትና ወሬ ይለውጡባታል። ለካ የገደለው የራሱ ወገን ነው! አልማዝ «ፊልም እኮ ነው» አለችኝ። ለእሷ ነው። እኛ ሰፈር፣ የካ፣ በአርበኝነት የሞተ ሁሉ «ወደቀ» ይባላል። ስለ ወንድሜ ስለ ደምሴ ግን «ቀረ» ነው የሚሉት። ለጣሊያን አደረ ማለታቸው ነው፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም።

ሰኞ

ከማስተምርበት ስወጣ በአርበኝነቱ ዘመን የደምሴ አለቃ የነበሩት ግራዝማች ተሰማ ቤት ሄድኩ። አሁን የሰንበቴ ማኅበራችን መሪ፣ ሙሴ ናቸው። ጠላ አስቀዱልኝ። ስለ ተማሪዎቼ ጠየቁኝ። መቼ እንደማገባም ጠየቁኝ። ከፊልሙ የጎደለው ሻይ ብቻ! «አባባ፣ ደምሴ እንዴት ሞተ?» አልኳቸው። «ቀረ፣ ልጄ» አሉ። የት እንደቀረ ስጠይቃቸው ጠላውን ጠጪ አሉኝ። አልጠጣሁም።

ሐሙስ

እማዬ ሰምታ አለቀሰች። ከሰንበቴው ቢያስወጡን ማን ይቀብረኛል ነው ነገሯ። «ተይ፣ የሞተ አታስነሺ።» እኔም ፈርቻለሁ። እውነት ባንዳ ሆኖ ቢሆንስ? ይሁን! ማወቅ ይሻለኛል። ፈሪ ለእናቱ ይላሉ፤ እኔ ለእናቴም ብዬ ዝም አልልም።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ፣ የሰንበቴው ዳቦ ተቆርሶ ጠላው ሲቀዳ ተነሳሁ። «በሬ ሲጠፋ ሌባው እስኪታወቅ አገሩን ሁሉ አውጫጭኝ ታስቀምጣላችሁ። ለወንድሜ አንድ ቀን ተቀምጣችኋል?» ድምፄ አላሳፈረኝም። አንዱ «ሴት ልጅ!» አለ። አልተቀመጥኩም።

ግራዝማች ተነስተው አወጡት። ደምሴን የባንዳ ልብስ አስለብሰው፣ ወሬ እንዲያመጣ ከእንጦጦ ወደ ከተማ የላኩት እሳቸው ናቸው። በጉም ውስጥ ሲመለስ ባንዳ መስሏቸው የተኮሱበትም እሳቸው። «ማን እንደሆነ ያወቅሁት ስገለብጠው ነው» አሉ። ሰው «ቀረ» ሲል ዝም አሉ። እናቴ አንገቷን ደፍታ ስትኖር፣ ዝም! ከዚህ በኋላ እሳቸው ብዬ አልጽፍም።

እማዬ አላለቀሰችም። «በሉ፣ የቀበሩበትን ያሳዩኝ» አለችው። ነገ ጠዋት እንጦጦ ይዞን ይወጣል፤ ፍትሐት የሚያደርጉለት ቄስም አብረውን ይሄዳሉ። ዳገቱ ለሱ ዕድሜ ከባድ ነው። እማዬ፣ እንደማውቃት፣ «ደግፊያቸው» ማለቷ አይቀርም። አልደግፈውም። ቢደክመውስ? እንጃ።