ማንቶስና ጀልባዋ

ካቶ ፔትራ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2019

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለስታማቲስ፣

እንደምን ሰነበትክ? ሐምቡርግ መቼም በርዶብሃል፤ ካልሲ ደርብ። እኔ ደህና ነኝ፤ አባትህ ግን በንዴት ሊገድለኝ ነው።

ማክሰኞ የፈሳሽ ጋዙ ወደብ ሳይረን ጮኸ። እንደ ወትሮው ልምምድ መስሎን ነበር። ለካስ ከመርከቡ ሲራገፍ ቧንቧው አሾልኮ ኖሮ፣ ጉም የመሰለ ነጭ ነገር ባሕሩ ላይ እየተሳበ ወደ እኛ መጣ። የሰፈሩ አስተባባሪ እኔ ነኝ፤ ቢጫ ሰደርያ አልብሰው ሾመውኛል። ትእዛዙ ቀላል ነው፦ ቀዝቃዛው ጋዝ መሬት ለመሬት ስለሚሄድ ወደ ባሕር አትውረዱ፣ ሽቅብ ወደ ነቢዩ ኤልያስ ጸሎት ቤት ውጡ፣ እሳትም ሞተርም አታስነሱ። ይኸው ነው! ስንቴ ተነገረ! የእኛ ሰዎች ግን አደጋ ሲመጣ ቀድሞ የሚታያቸው ጀልባቸው ነው፤ ሁሉም ቁልቁል ወደ ባሕሩ። ለምኜም ተሳድቤም መለስኳቸው። ጎረቤታችን ማሪጎ እንኳ ዶሮዎቿን ታቅፋ ወጣች።

ኮረብታው ላይ ዞር ስል አባትህ የለም።

ተመልሼ ስወርድ አንተ ትተሃት የሄድከው ጀልባ ላይ ቆሞ ገመድ ይፈታል።

«ማንቶስ! አብደሃል? ና ውጣ!»

«አትጩኺብኝ አርጊሮ። ራቅ አድርጌ አቁሜያት እመለሳለሁ።»

«በምን? በሞተር? አንተው ልትለኩሰን?»

«ልጁ ሲመጣ በምን ያጥምድ ታዲያ? በሰደርያሽ?»

ቁልፉን ከእጁ ነጥቄ፣ እሱን በኮሌታው እየጎተትኩ አወጣሁት። ነፋሱ ዞሮ ጋዙን ባይበትነው ኖሮ ሁለታችንም አልነበርንም። እሱ ግን ያኮረፈው እኔን ነው! ትናንት ደግሞ ሊቀባት ቀለም ገዝቶ መጣ። እግዜር ያሳይህ።

ስለዚህ ጻፍለት ልጄ። ሽጣት በለው። እዚያው እንደምትኖር፣ ዳግመኛ መረብ እንደማትይዝ ቁርጡን ንገረው። እኔ ስነግረው ይስቅብኛል፤ ካንተ ከሰማ ግን ይተዋታል፣ ሳይረን ሲጮህም ከሰው ጋር ይወጣል። ያለቅሳል፣ አውቃለሁ። በሕይወት ኖሮ ያልቅስ።

የእኔን ደብዳቤ ግን ለብቻው አድርገው። ስለ ብርዱና ስለ ሥራህ አጫውተኝ። መቼ እንደምትመጣ ደግሞ፣ ለእኔ ቁርጡን አትንገረኝ፤ ገና አላወቅሁም በለኝ።

እመቤታችን በሄድክበት ሁሉ ትቅደምልህ።

እናትህ አርጊሮ