ሐኪሙ ነግሮኝ ለኢያቄም ያልነገርኩት

እኔ ወ/ሮ ዘነቡ ገሠሠ፣ የሰባ ሦስት ዓመት ሴት፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ መካኒሳ አቦ የምኖር፣ ልቤ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ዛሬ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ይህን ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት በገዛ እጄ ጽፌአለሁ። እጄ ስለሚዘገይ ታግሠውኛል።

አንደኛ፦ የምኖርበት ቤት ለልጄ ለሚሳኤልና ለሟቹ ልጄ ለኢያቄም ልጅ ለናፍቆት እኩል ይሁን። ሚሳኤል፣ «ኢያቄም ድርሻውን ጠጥቶታል» ብለኸኛል። ልጄ፣ እሷ አልጠጣችም።

ሁለተኛ፦ ፍሪጄ ለጎረቤቴ ለከድጃ ይሰጥ። ኢያቄም ሆዱ በውሃ ተነፍቶ ሲተኛ አብራኝ ያገላበጠችው እሷ ነች። ሰፈሩ «ሰካራም» ሲለው እሷ «ወንድሜ» ትለው ነበር።

ሦስተኛው ንብረት አይደለም። አምና በየካቲት፣ ኢያቄም ጉበቱ በመጠጥ ተጎድቶ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሳለ፣ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠራኝ። ለጉበቱ መድኃኒት ሰባት ቀን ሰጥተው ደሙን እንደገና ቢያዩት ለውጥ አልነበረውም። ሐኪሙ ውጤቱን በስልኩ አስልቶ፣ «ማዘር፣ እንደሱ ከታመሙ አሥር ሰዎች ሦስት ወር የሚቆዩት ሁለት ወይም ሦስት ናቸው። ልንገረው?» አለኝ። ከሁለቱ አንዱ የእኔ ይሆናል ብዬ፣ ደግሞም ለታማሚ ክፉ ወሬ አይነገርም ብዬ ከለከልኩት። ለኢያቄም «እየተሻለህ ነው» አልኩት።

አመነኝ። ናፍቆት ከእናቷ ጋር እዚሁ ቅርብ ጀሞ ነው የምትኖረው፤ አራት ዓመት አልተያዩም ነበር። ላስመጣት ስለው፣ «እማ፣ ዓይኔ ነጣ ሲል ራሴ እሄዳለሁ። እንዲህ ሆኜ አትየኝ» አለ። ላይነጣ እንደሚችል አውቅ ነበር። «እሺ» አልኩት። ሐኪሙ ካነጋገረኝ በሃያ ስድስተኛው ቀን ዐረፈ።

ናፍቆት ለቅሶው ላይ፣ «ጀሞ ሩቅ ሆኖበት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ወደ ለቀስተኛው ዞርኩ። ከአርባው ወዲህ ቤቴን አልረገጠችም። ናፍቆት፣ አባትሽ አልጠላሽም። ጊዜ ያለው መስሎት ነው። እንዲመስለው ያደረግኩትም እኔ ነኝ።

እኔም ሐኪም ዘንድ ስቀርብ የሚባለው ሁሉ ለራሴ ይነገረኝ።

ኑዛዜ የሚነበበው ባለቤቱ ከሞተ በኋላ ነው። ይኼ ግን አይቆይ። ምስክሮቹ እንደፈረሙ ሚሳኤል አንዱን ቅጂ ዛሬውኑ ለናፍቆት ያድርስልኝ። ልትቆጣኝ ብትመጣ አለሁ።

ዘነቡ ገሠሠ (ፊርማ)

ሲነበብ ሰምተን፣ ስትፈርም አይተን ፈርመናል፦
አቶ ቀጄላ ኢፋ (ፊርማ)
ወ/ሮ ገዲሴ ቀጄላ (ፊርማ)
አቶ አህመድ ሰይድ (ፊርማ)
ወ/ሮ ወርቅዬ ሚካኤል (የጣት አሻራ)

ሚሳኤል ቅጂውን ተቀብሎ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ጀሞ ሲሄድ አራታችንም አይተናል።