የአባ ይመር አውፍታ ያለበት ዲስክ

ሰኞ

ዛሬም ቀጭ ቀጭ አለ። ኮምፒውተሩን ማለቴ ነው። ለአንዱ ሚሞሪ ላይ ዘፈን እየጫንኩለት ድርቅ ብሎ ቀረ። ደንበኛው "ተበላሸ እንዴ?" ይለኛል። እኔ እያለሁ ምን ይበላሻል? መካነ ሰላም ላይ ከኔ በላይ ኮምፒውተር የሚያውቅ ካለ ይውጣና ልየው! ሰባተኛ ላይ ነው ያቆምኩት፣ ግን ኮሌጅ የጨረሱት መጥተው የሚለማመጡት እኔን ነው።

ነገሩ ግን አልጣመኝም። እንድሪስ፣ ያ ከመንገዱ ማዶ ዘፈን ቤት የከፈተው፣ ሰሞኑን ፍላሽ አውሶኝ ነበር። ሳልጠይቀው! ያ ሰው ሰላምታ እንኳ በነፃ አይሰጥም። ቫይረስ ነው የላከብኝ።

ማክሰኞ

ቫይረስ ፈለግኩ፣ የለም። ደብቆት ነው።

ፎርማት ላደርገው ተነሳሁ። እኔ ጋ የመጣ ኮምፒውተር ሁሉ መድኃኒቱ ፎርማት ነው፣ ያለውን ሙልጭ አድርጎ ማጥፋት። ቁልፉን ልጫን ስል የአባ ይመር ቪዲዮ ትዝ አለኝ። ጣቴን መለስኩ።

አባ ይመር ልጃቸው ሉባባ እምቢ ብላቸው ጅዳ ስትሄድ ተቀየሟት። ስሟ ቤት ውስጥ አይነሳም ነበር። ሊሞቱ ሲሉ እኔን አስጠርተው፣ ካሜራው ፊት ቁጭ ብለው አውፍ አሏት፣ ይቅር ብለው ዱዓ አደረጉላት። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሲገኝ በሲዲ ልልክላት ነበር። የካሜራውን ሚሞሪ ሰርግ ልቀርጽበት አጥፍቼዋለሁ። ያለው እዚህ ኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ብቻ ነው።

ልከፍተው ሞከርኩ። ቀጭ፣ ቀጭ። ድርቅ።

ረቡዕ

የአባ ይመር ባለቤት እትዬ ዘሀራ መጡ። "ሰይዶ፣ ሉባባ አርብ ትገባለች። የአባቴን አውፍታ ከራሱ አፍ ካልሰማሁ አላምንም ብላለች። አለልኝ አይደል?"

"አለ እትዬ፣ ምን ጣጣ አለው!" አልኳቸው። እንደወጡ በሩን ዘጋሁ።

የኮምፒውተሩን ሳጥን ፈትቼ ጆሮዬን ደቀንኩ። ድምፁ ከዲስኩ ከራሱ ነው። የምጠረጥራቸው፦ እንድሪስ። መብራት፣ ሄድ መጣ የሚለው። አዲስ ነው ብሎ ዲስኩን የሸጠልኝ የደሴ ነጋዴ።

የቴፕ ጭንቅላት በሽቶ ስንጠርግ እንደነበረው ዲስኩንም ከፍቼ ልጠርገው አሰብኩ። ብሎኑ ኮከብ ኮከብ ነው፣ የኔ መፍቻ አልገባ አለ። ለምን እንዳይፈታ አደረጉት? የሚደብቁት ነገር ባይኖር!

ደሴ አንድ ጠጋኝ ጋ ደወልኩ። "ኧረ እንዳትከፍተው! አቧራ ገባበት ማለት አለቀለት። ደጋግመህም አታብራው። ደህና ኮምፒውተር ላይ ሰክተህ ዋና ዋናውን ቶሎ ገልብጥ" አለኝ።

ደህና ኮምፒውተር ያለው እንድሪስ ጋ ነው። ይሄ ጠጋኝ ከእንድሪስ ጋር ይተዋወቃል እንዴ?

ሐሙስ

ዲስኩን በሽርጥ ጠቅልዬ ተሻገርኩ። እንድሪስ ሲያየኝ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

"ወላሂ ጉድ ነው! ሰይዶ በእግሩ መጣ?"

"ዘፈኔን ልትወስድ ከሆነ ከአሁኑ ንገረኝ።"

"ግማሹ እኮ ከኔው የወሰድከው ነው። ይልቅ ጠረጴዛህን ከጎረቤትህ ወፍጮ ቤት ግድግዳ ጋር አጣብቀህ፣ ቀኑን ሙሉ አብሮ እየፈጨ፣ ዲስኩ ምን ያድርግ?"

ቀልድ መሰለኝ። በኋላ ሱቄ ገብቼ ጠረጴዛው ላይ እጄን ሳሳርፍ ግን፣ ወፍጮው ሲነሳ እስከ ክርኔ ነዘረኝ። ይሄን ለእንድሪስ አልነግረውም።

እንድሪስ ዲስኩን ከራሱ ኮምፒውተር ጋር ሰካው። እንደምንም ከፈተ። "ትንፋሹ ሊያልቅ ነው። መጀመሪያ የቱን?" አለኝ። ዘፈኖቼ እንጀራዬ ናቸው፣ ስንት ዓመት ያጠራቀምኳቸው። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። "የአባ ይመርን" አልኩ። እንዴት እንዳልኩት እንጃ።

መገልበጫው እንደ ጉንዳን ሄደ። መሃል ላይ ቆመ። ሁለታችንም ወደ ስክሪኑ ተጠጋን። ደግሞ ሄደ። አለቀ! ከዚያ ዘፈኑን ስንጀምር ዲስኩ አንዴ ሲጥ ብሎ ዝም። በቃ፣ ሞተ። የእንድሪስ እግር ኬብሉ አጠገብ ነበር። አይቻለሁ።

አርብ

ሉባባ ሻንጣዋን ሳትፈታ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠች። የተረፈውን ቪዲዮ የገለበጥኩበትን ሲዲ ከፈትኩላት። መሃል ላይ የአባቷ ፊት ተቆራርጦ ይሄዳል፣ ድምፃቸው ግን ጥርት ያለ ነው። "ሉባባ፣ ልጄ፣ አውፍ ብዬሻለሁ። አላህም አውፍ ይበልሽ።" ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ "ድገመው" አለች። ደገምኩት። "ድገመው።"

እትዬ ዘሀራ የዲስኩን መበላሸት ሰምተው ኖሮ እንድሪስንም ጠርተውት ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሉባባ ዓይኗን ጠርጋ "ከተበላሸው ዲስክ ውስጥ ማን ነው ያወጣው?" አለች።

"እኔ ነኛ!" አልኳት። "እዚህ አገር ከኔ ሌላ ማን ይችላል?"

እንድሪስን በጎን አየሁት። ሊያጋልጠኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ለምን ዝም እንዳለ እስካሁን አልገባኝም።