የመጀመሪያው አውቶቡስ ያለፋቸው አቶ ከፋለ አዳም

በላሊበላ ከተማ የቀድሞ የመናኸሪያ ተራ አስከባሪ፣ የክበባችንም የአሮጌ መናኸሪያዎች ጥናት አማካሪ የነበሩት አቶ ከፋለ አዳም ባደረባቸው ሕመም ባለፈው ሳምንት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። የትምህርት ቤታችን የታሪክ ክበብ አባላት በሙሉ መሪር ሀዘናችንን እንገልጻለን።

አቶ ከፋለ በ1964 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። ከወልድያ የሚመጣውን አውቶቡስ ተቀብለው፣ ለገና የመጣውን ምእመን በየተራው አሳፍረው ሸኝተዋል። ጡረታ ከወጡም በኋላ ተራ ማስከበሩን አልተዉም፤ ቀብር ላይ ሳይቀር ሰው ያሰልፉ ነበር። ባጃጅን ግን እስከ መጨረሻው ከመጓጓዣ አልቆጠሩትም።

በ2016 ዓ.ም. ክበባችን የከተማዋ የመጀመሪያ መናኸሪያ የት እንደነበረ ለማጥናት ሽማግሌዎችን ጠየቀ። የተከበሩ አባቶቻችን፣ ዕድሜያቸውን ያርዝመውና፣ አውቶቡሱ የቆመው በገዛ ደጃቸው እንደሆነ እያንዳንዳቸው በማርያም ስም ምለው አረጋገጡልን። የሁሉም ቃል እውነት ከሆነ የመጀመሪያው አውቶቡስ እንደ ማኅበር ጽዋ ከቤት ቤት ዞሯል ማለት ነው።

አቶ ከፋለ ብቻ፣ «እኔንማ ጡሩምባውን እየነፋ አለፈኝ፤ የቆመው አሸናፊ ደጅ ነው። ትኬት ይቆረጥባት የነበረችው የድንጋይ ቤትም ያቻትና» ብለው በዱላቸው አሳዩን። ከጎረቤታቸው ከአቶ አሸናፊ ጋር በአጥር ጠብ ሰላምታ ካቆሙ ዘመናት እንዳለፉ ለሚያውቅ፣ ይህ ቀላል ምስክርነት አይደለም።

ያቺ የድንጋይ ቤት አሁን ለመንገድ ማስፋፊያ ልትፈርስ ነው። የመጀመሪያው መናኸሪያ እሷ መሆኗን ሽማግሌዎች በመጪው ሰኞ በከተማ አስተዳደሩ ስብሰባ በአንድ ቃል ከመሰከሩ ግን ትተርፋለች።

በሠልስታቸው ዕለት፣ ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ፣ ሽማግሌዎቻችን በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ። አቶ አሸናፊ እንባቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ ተነሥተው፣ «እንግዲህ ምን እደብቃለሁ! አውቶቡሱ የቆመው ከፋለ ደጅ ነው» አሉ። ሌሎቹም «እውነት ነው፣ እውነት ነው» እያሉ የየራሳቸውን ደጅ ለሟች አስረከቡ። ለሟች ክብር መስጠት ደግ ባህል መሆኑን ክበባችን ይገነዘባል። ይሁን እንጂ በዚህ ደግነት እውነተኛዋ ቤት ትፈርሳለች፤ አቶ ከፋለም በነገሩን ቃል ውሸታም ሆነው ይቀራሉ።

ጉዳዩን ለባለቤታቸው ለወይዘሮ አለሜ አቅርበን ነበር። የሰጡን መልስ፣ «ልጆቼ፣ በሕይወቱ ያልቆመለትን አውቶቡስ ሞቶ አታቁሙለት። እሱ የነገራችሁን ተናገሩ» የሚል ነው።

ስለሆነም ሰኞ ዕለት፣ አስቀድመን አባቶቻችንን ይቅርታ ጠይቀን፣ የአቶ ከፋለን ቃል እንዳለ እናሰማለን።

ለወይዘሮ አለሜ፣ ለልጆቻቸው ለፋናና ለምሥጋናው፣ ለቀድሞ የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ እንዲሁም ጠበኛቸው ሆነው ሳለ ከማንም በላይ ላለቀሱት ለአቶ አሸናፊ መጽናናትን እንመኛለን። አቶ አሸናፊም ሰኞ ዕለት ተገኝተው ደጃቸውን መልሰው እንዲረከቡን በትሕትና እንጠይቃለን።

የታሪክ ክበቡ አባላት
ላሊበላ