የድራሙ ማይክራፎን

ልድያዬ፣

ወደ ኢታንግ የሚሄደው መኪና ቀድሞ ስለመጣ ሳላይሽ ሄድኩ። ምሳሽ ድስቱ ውስጥ አለ።

ዛሬ ከሰዓት የመዘምራኑ መሪ ጋሽ ጸጋአብ ድራሙን ለማን እንደሚሰጥ ለመወሰን አንቺንና ኦጁሉን እያስመታ ሲቀዳ፣ የሚደርስሽ አንድ ማይክራፎን ብቻ ነው። ከጣሪያው እንጨት ላይ በገመድ አንጠልጥይው፤ ከቀኝ ትከሻሽ ትንሽ ከፍ ብሎ ወደ ታች ይዙር። ከድራሙ ጎን ወደቆመው የነሐስ ሳህን ካስጠጋሽው ሌላውን ድምፅ ሁሉ ይውጠዋል። እንዳያስተጋባ ትልቁ ድራም ውስጥ የኔን ብርድ ልብስ ክተቺ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሳይጀምር ጨርሱ።

አንድ ነገር አለ።

ባለፈው የመዘምራኑን ካሴት ስንቀዳ፣ ሶሎ የምትዘምረው የአቢጋኤል ድምፅ አልሰማ ሲለኝ የድራሙን ማይክራፎን ወደ እሷ አዞርኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ካሴቱ ሲከፈት ድራሙ ደክሞ ተሰማ፤ ጋሽ ጸጋአብ፣ «ልድያ፣ በዚህ እጅሽ እንኳን ድራም ልትመቺ ቢምቢም አትገድዪም» ሲልሽ ሁሉም ሳቀ። አንቺ ወደ እኔ አየሽ። እኔ ሽቦ እጠቀልል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጓሮ ጀሪካን ስትደበድቢ እሰማለሁ። መዳፍሽ መላጡንም አይቻለሁ። ቅባት ገዛሁልሽ እንጂ እውነቱን አልነገርኩሽም።

ለጋሽ ጸጋአብ ሁሉንም ጽፌ ደብዳቤውን ከማይክራፎኑ ጋር አስሬዋለሁ። ከመቅዳቱ በፊት ስጪው፤ ለሁሉም ጮክ ብሎ እንዲያነብላቸው ለምኜዋለሁ። ቆሜ መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

እጅሽ ደካማ ሆኖ አያውቅም። ዛሬ እንደ ድሮሽ ምቺ።

እህትሽ ናዝሬት